የድሬ ሰማይ እና የደንገጎ ሰማይ

ለአዲስ አበባ ሰው ክረምት ማለት ብርድ፣ ጭቃና ጃንጥላ ነው። ድሬዳዋ ላደግን ሰዎች ግን ክረምቱ የሚገባው ሙቀቱ ሳይወጣ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እያለፈ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲንጣጣ ይውላል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ዝናብ መጣ ቢባልም፣ ከባዱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚጥለው እኛ ላይ ሳይሆን ከበላያችን ባለው ደጋ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ቀን በሙቀት የወደቀ ሰው ስናስታምም ውለን፣ ማታ ደግሞ ጎርፍ መጣ ተብለን ልጆች አዝለን የወጣንበት ጊዜ አለ።

ስለ ጎርፍ የሚሰጠው ምክር ለብቻው፣ ስለ ሙቀት የሚሰጠውም ለብቻው ነው። በእኛ ቤት ግን ሁለቱ የአንድ ወቅት ነገሮች ናቸው፤ ከዚያም በላይ ሙቀቱን ለማምለጥ ብለን የለመድናቸው አንዳንድ ነገሮች ለጎርፉ ያጋልጡናል። ይህን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ፣ ወንዝ ይባል እንጂ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውኃ የለበትም። አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ነጋዴ ሸራ ዘርግቶ ልባሽ ጨርቅ ይሸጥበታል፤ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ይውሉበታል፤ ባጃጅም ድልድዩን ትቶ በአቋራጭ ያልፍበታል። እንግዳ ሰው መጥቶ «ወንዙ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ቆመህበታል» ብለን የምንስቅበት የቆየ ቀልድ አለን። አሸዋው ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ስለሚበርድ፣ ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ባለ ምሽት ወጣቶች ወደዚያ ወርደው ሲጫወቱ ያመሻሉ። እኔም አምሽቻለሁ።

ደቻቱን የሚሞላው ውኃ የሚመጣው ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከደንገጎ ተራራማ አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የደንገጎ ከፍታ ግን ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ይህን ያህል የሚወርድ ውኃ፣ በዚያ ላይ ዛፉ በተመናመነበትና ድንጋዩ ባገጠጠበት ዳገት ላይ፣ ወደ መሬት ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ከተማው ላይ ጨረቃ ወጥታ፣ ከዋክብት ተዘርግተው፣ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። የድሬ ሰው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ዛሬ ዝናብ የለም» ሲል እውነቱን ነው፤ የሚሳሳተው የሚያየው ሰማይ የራሱን በመሆኑ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት፣ የሆነው ይኸው ነው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 10,000 የሚጠጉ ደግሞ ቤት አልባ ሆኑ። በዚያው ክረምት በነሐሴ የመጀመሪያ ቀናት፣ የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ በዳሰነች ምድር ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ስለ ገደለ፣ ያ ክረምት በአገሪቱ የጎርፍ ታሪክ ውስጥ የተለየ ሆኖ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከወንዙ ትንሽ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለ ነበር እኛ ዘንድ ውኃው አልደረሰም። ነገር ግን ስለዚያ ሌሊት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የውኃው ድምፅ ሳይሆን የቬንትሌተራችን ድምፅ ነው። አሮጌ ነበር፤ አንዱ ክንፉ የሽቦ መከላከያውን እየነካ ሌሊቱን ሙሉ ይንቃጨላል፤ ያለ እርሱ ደግሞ መተኛት የሚታሰብ አልነበረም። የቀሰቀሰን ጎርፉ አይደለም፤ የመብራቱ መጥፋት ነው። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ሲቆምና ክፍሉ ዝም ሲል፣ ከታች በኩል የሰው ጩኸት ቀድሞም እንደ ነበረ ሰማን። ለምን ያህል ጊዜ ሲጮሁ እንደ ቆዩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ በጨለማው ውስጥ ጫማውን ሲፈልግ፣ እናቴ ደግሞ «ተው፣ በባዶ እግርህ ሂድ» ስትለው ትዝ ይለኛል።

ለሙቀቱ ያደረግነው ለጎርፉ አጋለጠን የምለው ይህን ስለማስታውስ ነው። ዛሬም በክረምት ሌሊት ቬንትሌተር ከፍተን እንተኛለን፤ ማንንም ሙቀቱን ቻለው ማለት አልችልም። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ እንዲሁም በልጉ በሚጠናበት በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከቤቱ ሰው አንዱ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ፣ ቻርጅ አድርጎ፣ ከራስጌው አኑሮ ይተኛል። ተራ ገብተናል። ስልኩ ከቬንትሌተሩ ራቅ ብሎ ከጆሮ ጋር መቅረብ አለበት፤ ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን አንድ ጊዜ ሞክረን ከማዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ስልክ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ማንም አልሰማውም።

ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ጥሩ ነገር ነው፤ ብዙ ክረምትም አሳልፎናል። የሚያሳስበኝ ከግንቡ ጋር አብሮ የመጣው መዘናጋት ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ ክረምት እንኳ ሳይገባ፣ በበልግ ዝናብ የመጣው ጎርፍ እንደገና የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ግንብ ውኃውን የሚይዘው እስከ ቁመቱ ድረስ ብቻ ነው፤ በአሸዋው ላይ ቆሞ ልብስ የሚሸጠውንም ሰው አያድነውም፣ እንዲያውም ግራና ቀኙ በግንብ የታጠረ ወንዝ ውስጥ ያለ ሰው መውጫውን አስቀድሞ ካላወቀ ሮጦ የሚደርስበት የለውም። ወደ አሸዋው የምትወርዱ ሰዎች፣ ስትወርዱ ደረጃው ወይም ተዳፋቱ የት እንዳለ አንድ ጊዜ ዘወር ብላችሁ እዩ። ቀዝቃዛ ነፋስና የእርጥብ አፈር ሽታ ከላይ በኩል ድንገት ከመጣ፣ ወይም ስስ ሆኖ የሚፈስ ውኃ ድንገት ደፍርሶ ጭራሮና ፌስታል ማምጣት ከጀመረ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ አትቁሙ።

የራሴን ጥፋትም ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ ለመሻገር ባጃጅ ተሳፍሬ ነበር፤ ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቋል፣ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ከታች ያለው ማቋረጫ ላይ ውኃው ቁርጭምጭሚት የማያልፍ መስሎ ስለ ታየኝ ሾፌሩን በዚያ በኩል እንዲሄድ ጎተጎትኩት። ልጁ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ሞተሩን አጠፋና «አቦ፣ እኔ ልጆች አሉኝ፤ ከፈለግክ ውረድና በእግርህ ግባ» አለኝ። ተቀይሜ ዝም አልኩ። ሲጋራ እንኳ አጭሶ ለመጨረስ በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ውኃው ከቡና ቀለም ወደ ጭቃ ቀለም ተለወጠና፣ ከነሥሩ የተነቀለ ቁልቋል፣ ከዚያ ጀሪካኖች፣ ከዚያም የአንድ ሱቅ በር የሚመስል ቆርቆሮ ይዞ አለፈ። የሚፈስ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ቢኖረው ዐዋቂን ሰው ሚዛን አስቶ ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይወስዳል። ባጃጅ ከመኪና እጅግ ስለሚቀል ከዚያ ባነሰ ውኃ እንደሚወሰድ ለማወቅ ሳይንስ አያስፈልግም። ደግሞ የደፈረሰ ውኃ ከሥሩ ያለውን መንገድ አያሳይም፤ ትናንት አስፋልት የነበረው ዛሬ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ሾፌር የከፈልኩት ሒሳቡን ብቻ ነው፤ ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

ስለ መሸሽ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብዙ ሰው በጭንቀት ጊዜ የሚሮጠው ወደ ዘመዱ ነው፤ ዘመዱም ብዙ ጊዜ ከወንዙ ማዶ ነው። እኛ ከወንዙ በወዲህ በኩል፣ ድልድይ ሳንሻገር በእግር የሚደረስ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ አንድ የወዳጅ ቤት መርጠናል፤ ልጆቹም በቀን አብረውን ሄደው መንገዱን አይተውታል። መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ በወፍራም ፌስታል ተጠቅልለው ከበሩ አጠገብ ባለ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከቤት ስንወጣ ጊዜ ካለን ቆጣሪው ላይ መብራት እናጠፋለን፤ እግራችን ውኃ ውስጥ ከሆነ ግን ቆጣሪ አንነካም።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልመለስ፤ ጎርፉ ድንገት ስለሚመጣ ሁሉም ይፈራዋል፣ ሙቀቱ ግን በየቀኑ ስላለ እንደ ጠላት አይቆጠርም። የድሬ ሰው በዚህ ይኩራራል፤ «ሙቀት ለምደናል» ይላል። መልመድ እርግጥ አለ፣ ግን ልክ አለው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ከቤታችን አጠገብ በሚሠራ ሕንፃ ሲሚንቶ ሲያወርድ የዋለ የቀን ሠራተኛ፣ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ በመጀመሪያ ራሴን አለ፤ ቀጥሎ የማይገናኝ ነገር መናገር ጀመረ፤ ከዚያ ወደቀ። ሰፈሩ ግር ብሎ ወጣ። አንዱ ክብሪት ለኩሶ አጨሰለት፤ ሌላው ከአፉ ውኃ ሊያንቆረቁርለት ታገለ፤ የቀረው ከብቦ ቆሞ አየር ከለከለው። እኔ ራሴ ኮካ ኮላ ልገዛለት ወደ ሱቅ ሮጬ ነበር።

ትክክለኛውን ያደረጉት አዴ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሰዉን በቁጣ በተኑት፤ ልጁን ሁለት ሆነው ወደ ጥላ እንዲወስዱት አደረጉ፤ ሸሚዙን አስወልቀው አንድ ጀሪካን ውኃ ሙሉ በሰውነቱ ላይ አፈሰሱበት፤ ከዚያም ሽርጥ አርጥበው አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ እያደረጉ በካርቶን ያራግቡለት ጀመር። ባጃጅ እስኪመጣ አላቆሙም፤ ሆስፒታል እስኪደርስም በመንገድ ላይ ውኃ ሲያደርጉለት ነበር። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና ሰውየው መዘባረቅ ወይም ራሱን መሳት ሲጀምር አንጎልና ኩላሊት እየተጎዱ ነው፤ በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው፣ ስለዚህ ማቀዝቀዙ የሚጀምረው እዚያው በወደቀበት ቦታ ነው እንጂ ሐኪም ቤት ሲደርስ አይደለም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የሚፈስ ውኃ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል አይሰጠውም። ላብ መኖሩ ደግሞ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በጉልበት ሥራ ላይ የወደቀ ሰው በላብ ርሶም በከባድ የሙቀት ሕመም ውስጥ ሊሆን ይችላል። መለያው ንግግሩና ንቃቱ ነው። ያ ልጅ ተርፏል፤ ከሳምንት በኋላ መጥቶ አዴን እጅ ነሥቷል።

አዴን ከየት ተማሩት ብዬ ስጠይቃቸው «ፍየልም ሲወድቅ እንዲሁ ነው የምናደርገው» ነው ያሉኝ።

ያን ደረጃ ሳይደርስ መከላከል ይሻላል። ለጉልበት ሠራተኛ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ያለው ጊዜ ክፉ ነው፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እንኳ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ለሦስት ወራት በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ሥራ ክልክል ነው፤ እኛ ዘንድ ግን አሠሪው ካዘነ ያዝናል፣ ካላዘነ የለም። ላብ የሚያወጣ ሰው ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ያጣል፤ ከፋርማሲ የሚገዛው ኦ አር ኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር፣ በጥብጦ ቀስ እያሉ መጠጣት ይቻላል። አረጋውያን ጥማት እምብዛም ስለማይሰማቸው «ጠማኝ» እስኪሉ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሙቀቱ ሳይጠና ሐኪማቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው። ቤቱን በቀን ዘግቶ፣ መጋረጃ ጥሎ፣ ማታ ሲበርድ መክፈት የአያቶቻችን ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ቬንትሌተር ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ የሚነፋብን ትኩስ አየር ነውና ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል፤ ከቆርቆሮ ሥር ያለ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ቀትር ላይ እዚያ መድረሱ ብርቅ አይደለም። ያን ጊዜ ሰውነትን በውኃ ማራስና ወደ ዛፍ ጥላ መውጣት ነው።

ጓደኞቼን የሚያስቆጣ ነገርም ልናገር፦ በርጫው፣ ማለት የጫት መቃሚያው ጊዜ፣ የሚደራው ልክ በእነዚያ ክፉ ሰዓታት፣ በር ተዘግቶ፣ ሰው ተጠጋግቶ ነው። ጫት የልብ ምትንም የሰውነት ሙቀትንም ይጨምራል። ልቡ የሚያመው ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው በዚያ ሰዓት በዚያ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ስመለከት ዝም ማለት ያቅተኛል፤ ስናገርም የሚሰማኝ የለም።

ሌላው ሙቀቱና ጎርፉ የሚገናኙበት ነገር በርሜል ነው። የቧንቧ ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ፣ በሙቀት ወራት ደግሞ ብዙ ውኃ ስለሚያስፈልግ፣ የድሬ ግቢ ሁሉ በርሜልና ሮቶ አለው። ጎርፍ ሲመጣ ይህ የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ሕይወት ነው፤ ጉድጓዱም መስመሩም ተበክሎ ስለሚሰነብት ከእርሱ ሌላ አይኖርም። ነገር ግን ክዳን የሌለው በርሜል ለትንኝ ማሳደጊያ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉኒያ በከተማዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጥሏል፤ ተሸካሚዋ ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ በተቀመጠ ውኃ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዝናብ ባልነበረበት ወቅት ወባ ተነሣ፤ ከዚያ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ረግረግ ሳትጠብቅ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትፈለፈላለች። ስለዚህ በርሜሉ ይኑር፣ ግን በስስ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፤ በሳምንት አንድ ቀንም ተደፍቶ ጎንና ጎኑ ይፈተግ፣ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይጣበቃልና። ከጎርፍ በኋላ የሚጠጣው ውኃ ይፈላ፤ ማገዶ ከሌለም ውኃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ የተባለው የውኃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርበት። ጎርፍ የነካውን ዱቄትና ሽንኩርት አድርቆ ለመብላት መሞከር ትርፉ ኪሳራ ነው።

ዱባይ የምትሠራ እኅት አለችኝ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያ ታላቅ ዝናብ ኤምሬቶች ላይ ሲወርድ፣ አል አይን አካባቢ በአንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ተመዝግቦ፣ የዱባይ አውራ ጎዳናዎች መኪና እንደ ቆርኪ ሲያንሳፍፉ፣ ከምትሠራበት ቤት መስኮት ፎቶ ልካ ሥሩ «እዚህም ደቻቱ መጣ» ብላ ጻፈችልኝ። አሠሪዎቿ ምድር ቤት ያለውን መኪና እንድታይ ሊልኳት ሲሉ አሻፈረኝ ብላለች። የበረሃ ከተማ ስለ ውኃ አያስብም፤ እርሷ ግን የድሬ ልጅ ናትና ምድር ቤት ውስጥ ውኃ ሲገባ በሩ እንደማይከፈት ታውቃለች።

የአዴ የመጀመሪያ ልጅ ደንገጎ ላይ ሱቅ አለው። ከሦስት ክረምት ወዲህ ከእርሱ ጋር ተስማምተናል፦ እዚያ ደመናው ከጠቆረና ዝናቡ ከከበደ፣ ሌሊትም ቢሆን ይደውላል። ብዙ ወሬ የለውም። «እዚህ እየወረደ ነው» ይላል፤ ይዘጋል። ተራው የደረሰው ሰው ቬንትሌተሩን ያጠፋል፣ ወደ ታች ላሉት ሁለት ቤቶች ይደውላል፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያዳምጣል። ባለፈው ሐምሌ አምስት ጊዜ ደውሎ አራቱ ያለ ነገር አለፉ፤ ውኃው አሸዋውን አርሶ ብቻ ሄደ። አባቴ በአራተኛው ላይ «ይህ ልጅ እንቅልፍ ነሳን» ብሎ አጉረመረመ። በአምስተኛው ሌሊት ግን በባዶ እግሩ ወጥቶ በረንዳ ላይ ቆመ፤ ቬንትሌተሩን ያጠፋው ራሱ ነበር።